የብሪስቶል ከተማ ጸሐፊ፦ ሮበርት ሪካርት እና የከንቲባው መጽሐፍ

ማርች 12 ቀን 1479 የእንግሊዟ ከተማ የብሪስቶል ከንቲባ ዊልያም ስፔንሰር በከተማዋ ሰዎች ፊት ከሃዲ ተባለ። ከሳሹ ቶማስ ኖርተን ይባላል። የንጉሡ ቤት ሰው ነኝ የሚል ጨዋ ነው። ያቀረበው ክስ የሰፈር ስድብ አልነበረም። ንጉሡን ክደሃል ማለት በዚያ ዘመን አንገት የሚያስቆርጥ ነገር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጊዜው ክፉ ነበር። ንጉሥ ኤድዋርድ አራተኛ ገና በፌብሩዋሪ 1478 የገዛ ወንድሙን፣ የክላረንስን መስፍን፣ በክህደት አስገድሎታል። ብሪስቶልም ብትሆን ያለፈ ታሪክ ነበረባት። በ1471 የተሻረው ንጉሥ የሄንሪ ስድስተኛ ሚስት ንግሥት ማርጋሬት ኤድዋርድን ልትወጋ ስትመጣ ከተማዋ ረድታታለች። ሬኮርደር የሚባለው የከተማዋ የሕግ ሹም በቴውክስበሪ ጦርነት ከንግሥቲቱ ጎን ተሰልፎ ሞቷል። ኤድዋርድ ድል ካደረገ በኋላ ከተማዋን ይቅር ብሏት ነበር። እንዲህ ያለ ይቅርታ ግን በአንድ ክፉ ወሬ ሊፈርስ ይችላል።

ስፔንሰር አልሸሸም። በራሱ ፈቃድ እጁን ሰጠ፤ የንጉሡ ቃል እስኪመጣ ድረስም እስር ቤት ተቀመጠ። የከተማዋ ሰዎች ደግሞ የኖርተንን ማንነት በጽሑፍ አስቀመጡ። መጠጥ ቤት የሚያዘወትር፣ ጠዋት እስከ ሦስትና አራት ሰዓት የሚተኛ፣ ቴኒስና መሰል ጨዋታ የሚያሳድድ ሰው ነው አሉ። ንጉሡ ነገሩን መርምሮ ክሱን ውድቅ አደረገ፤ ስፔንሰርም በክብር ነጻ ወጣ። ጉዳዩ ታላቁ ቀይ መጽሐፍ በሚባለው የከተማዋ መዝገብ ላይ ሰፈረ። እኛም ያወቅነው ከዚያ ነው።

በዚያ ዓመት የብሪስቶል ከተማ ጸሐፊ ሮበርት ሪካርት ነበር። ሥራ የጀመረው በ1478 የቅዱስ ሚካኤል በዓል፣ ሴፕቴምበር 29፣ ነው። ክሱ ሲመጣ ወንበሩ ላይ ገና ግማሽ ዓመት አልሞላውም። ለሦስተኛ ጊዜ ከንቲባ የነበረው ይኸው ስፔንሰር በዚሁ የሥልጣን ዘመኑ ለሪካርት አንድ ትእዛዝ ሰጠው፦ ለከንቲባዎች ሁሉ ማስታወሻ የሚሆን መጽሐፍ አዘጋጅ። መጽሐፉ «የብሪስቶል ከንቲባ ካሌንደር» ተባለ። ዛሬም አለ።

ትእዛዙና ክሱ በአንድ ዓመት መገጣጠማቸው ለእኔ እንዲሁ የሚታለፍ ነገር አይደለም። የአንድ ከተማ አስተዳደር ያለው በሰዎቹ ጭንቅላት ብቻ ከሆነ፣ አንድ ክስ ወይም አንድ ሞት ሊበትነው ይችላል። ሪካርት የሠራው ሥራ ለዚህ ችግር የተሰጠ መልስ ነው ብዬ አምናለሁ። ጉዳዩን ላጠናው የፈለግሁትም በዚህ ምክንያት ነው።

ከተማዋና ወንበሩ

ብሪስቶል በእንግሊዝ ምዕራብ ያለች የወደብ ከተማ ናት። በዚያ ዘመን የሕዝቧ ቁጥር 10,000 ገደማ እንደነበር ይገመታል። ለዛሬ ሰው ትንሽ ነው። ለዚያ ዘመን እንግሊዝ ግን ከለንደን ቀጥሎ ከሚጠሩት ከተሞች ተርታ ያሰልፋታል። የሱፍ ጨርቅ ትልካለች፤ ከፈረንሳይዋ ጋስኮኝ ወይን፣ ከአይስላንድ ዓሣ ታስመጣለች። ሪካርት መጽሐፉን ከጀመረ ሃያ ዓመት ሳይሞላ፣ በ1497፣ ጆን ካቦት በማቲው መርከብ ወደ ሰሜን አሜሪካ የተነሳው ከዚህች ወደብ ነው።

ከተማዋ መሐል ላይ አራት መንገዶች ይገናኛሉ፦ ሃይ ስትሪት፣ ዋይን ስትሪት፣ ብሮድ ስትሪት እና ኮርን ስትሪት። መገናኛው ላይ ትልቅ የድንጋይ መስቀል ቆሞ ነበር። ከመስቀሉ ጥቂት እርምጃ እልፍ ሲባል፣ ኮርን ስትሪት ላይ፣ የሁሉ ቅዱሳን ቤተ ክርስቲያን አለ። ከጎኑ ቶልዚ የሚባለው የከንቲባው የሥራና የፍርድ ቦታ ነበር። የጸሐፊው የዕለት ሥራም እዚያው አካባቢ ነው።

ከንቲባው የሚመረጠው ለአንድ ዓመት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ነጋዴ ነው። ሥልጣን ሲይዝ ሱቁን፣ መርከቡንና ደንበኞቹን ትቶ ይመጣል። ዓመቱ ሲያልቅ ወደ ንግዱ ይመለሳል። ጸሐፊው ግን በየዓመቱ አይቀየርም። መሐላ የሚያስምለው፣ ደብዳቤ የሚጽፈው፣ ውሳኔ የሚመዘግበው፣ ያለፈው ከንቲባ ምን እንዳደረገ የሚያስታውሰው እሱ ነው። ሹመቱ የከንቲባው ሆኖ አሠራሩን የሚያውቀው ጸሐፊው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሁለት ምርጫ አለው። እውቀቱን ለራሱ ይዞ ሁሉም እንዲለማመጠው ማድረግ ይችላል። ወይም ጽፎ ለወንበሩ ያስረክባል። ሪካርት ሁለተኛውን አደረገ። ከንቲባው ቢያዝዘውም፣ የሥራው ጥልቀት የታዘዘ ሰው ብቻ ሥራ አይመስልም።

ስለ ግል ሕይወቱ ከሚታወቀው ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመው የካሌንደሮች ማኅበር አባል መሆኑ ነው። ይህ ማኅበር ካህናትና ምእመናን አብረው የሚገኙበት፣ መኖሪያው ከሁሉ ቅዱሳን ቤተ ክርስቲያን ጋር የተያያዘ የቆየ ማኅበር ነው። በ1464 የዉስተር ጳጳስ ጆን ካርፔንተር እዚያ ቤተ መጻሕፍት አቋቋመ። ሥርዓቱ ደስ የሚል ነው። በሥራ ቀን ከቀትር በፊት ሁለት ሰዓት፣ ከቀትር በኋላ ሁለት ሰዓት፣ መማር ለሚፈልግ ሁሉ ክፍት ይሆናል። የማኅበሩ አለቃ ደግሞ አስቸጋሪ የመጽሐፍ ቅዱስ ቦታዎችን ለጠየቀው ያስረዳል። ማተሚያ እንግሊዝ ከመግባቱ በፊት ነው ይህ የሆነው። ሪካርት የመጣው መጽሐፍ ለብዙ ሰው መሆን አለበት ብሎ ከሚያስብ ሰፈር ነው ማለት ነው።

መጽሐፉ

ካሌንደሩ ስድስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ስለ ከተማዋ አመሠራረት ነው። ሁለተኛው ስለ እንግሊዝ ነገሥታት፣ ሦስተኛው ከሄንሪ ሦስተኛ ዘመን ጀምሮ ስለነበሩ ከንቲባዎችና ሹማምንት ነው። አራተኛው የከንቲባውን ዓመት ከመሐላው ጀምሮ ይተርካል። አምስተኛው የከተማዋን መብትና ነጻነት፣ ስድስተኛው የለንደንን ልማድ ይዟል። የለንደኑ ለምን ገባ ቢባል፣ ብሪስቶል ብዙ መብቷን የተቀበለችው በለንደን አምሳል ስለሆነ ነው። ጥርጣሬ ሲመጣ ዳኛው የሚያመሳክርበት ነገር ያስፈልገዋል።

በመጀመሪያው ክፍል ሪካርት ብሪስቶልን የመሠረታት ብሬንየስ የሚባል የጥንት ልዑል ነው ይላል። ይህ ታሪክ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ የታወቀ አፈ ታሪክ ነው፤ ሪካርትም እንደ ዘመኑ ሰው አምኖ ተቀብሎታል። ሆኖም አፈ ታሪኩን ሲጽፍ አንድ ትልቅ ነገር አደረገ። የከተማዋን ሥዕል አስገባ። አራቱ መንገዶች፣ መሐል ላይ መስቀሉ፣ በየጫፉ በሮቹ፦ ቅዱስ ኒኮላስ፣ ቅዱስ ዮሐንስ፣ ቅዱስ ሊዮናርድ እና ኒውጌት። የእንግሊዝ ከተማን ከሚያሳዩ ጥንታዊ ፕላኖች አንዱ ይህ ነው። የሚገርመው፣ በ1480 የብሪስቶል ተወላጅ የሆነው ዊልያም ዉስተር ወደ ከተማው መጥቶ መንገዶቹን በእግሩ እየለካ በእርምጃ መዝግቧል። አንዱ በሥዕል፣ አንዱ በእርምጃ፣ በጥቂት ጊዜ ልዩነት አንዲትን ከተማ ወረቀት ላይ አስቀመጧት። ለታሪክ አጥኚ ከዚህ የበለጠ ዕድል የለም።

አምስተኛውን ክፍል ብዙ ሰው ዘሎ ያልፈዋል። እኔ ግን አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። ብሪስቶል ድሮ በሁለት አውራጃ ተከፍላ ነበር። ከወንዙ ሰሜን ያለው ግሎስተርሺር፣ ደቡቡ ሶመርሴት ነው። ነዋሪው ለአውራጃ ፍርድ ቤት ጉዳይ እስከ ግሎስተር ወይም እስከ ኢልቼስተር መጓዝ ነበረበት። በክረምት ያ መንገድ ጭቃና አደጋ ነው። በ1373 ንጉሥ ኤድዋርድ ሦስተኛ ከተማዋን ራሷን የቻለች አውራጃ አደረጋት። ከተማዋም ለዚህ 600 ማርክ (ማርክ የዘመኑ የገንዘብ መለኪያ ነው) ከፍላለች። ከለንደን ውጭ እንዲህ ያለ መብት ያገኘች የመጀመሪያዋ የእንግሊዝ ከተማ ናት። ይህን ያህል ገንዘብ የተከፈለበት መብት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ከቀረ፣ አንድ ጉልበተኛ ሹም ሲመጣ ማን አውጥቶ ያሳየዋል? ሪካርት እነዚህን መብቶች በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሲሰበስብ፣ ከንቲባው እጁን ዘርግቶ የሚያነሳው ነገር ሰጠው። ኖርተን የመሰለ ሰው በር ላይ ሲቆም ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የሚካኤል ቀን

የመጽሐፉ ልብ አራተኛው ክፍል ነው። ሪካርት የከንቲባውን ዓመት ይተርካል። የሚጀምረው ከርክክቡ ነው።

ሴፕቴምበር 29 ሕዝቡ ይሰበሰባል። ተሰናባቹ ከንቲባ ተነስቶ ይናገራል። ለሕዝቡ ትብብር ያመሰግናል። ቀጥሎ የሚለውን ነገር ሳነብ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። በቸልተኝነት ወይም በራሴ እልህ የበደልኩት ሰው ካለ ወደ እኔ ይምጣ፤ የሚገባውን እክሳለሁ፤ ካልሆነም ይቅርታ እጠይቀዋለሁ ይላል። እኔ ባለመቻሌ ያላስተካከልኩትን ይህ የመረጣችሁት ሰው ያስተካክለዋል ብሎ ይጨምራል። ይህ ንግግር የአንድ ደግ ከንቲባ የግል ትሕትና አይደለም። የሥርዓቱ አካል ሆኖ ተጽፏል። ማንም ሰው ከንቲባ ቢሆን፣ ኩሩም ይሁን ትሑት፣ ሲወርድ የሚጠበቅበት ነው። ጸሐፊው ጽፎ ስላስቀመጠው ቀጣዩ ሰው እኔ ይህን አልልም ለማለት ይከብደዋል።

ከዚያ ተሰናባቹ መጽሐፍ ቅዱሱን ይይዛል። አዲሱ እጁን ይጭንበታል። መሐላውን የሚያነበው የከተማው ጸሐፊ ነው። በመሐላው ውስጥ ለድሃውም ለሀብታሙም እኩል ፍርድ እሰጣለሁ የሚል ቃል አለ። ካለቀ በኋላ ሰይፉ፣ የክብር ቆቡና ማኅተሙ ይሰጡታል። ከምሳ በኋላ ሁሉም መስቀሉ ዘንድ ተገናኝተው ወደ ቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ይወጣሉ፤ መባ ያቀርባሉ። ሲመለሱ አዲሱ ከንቲባ ቤት ኬክና ወይን ይቀርብላቸዋል።

ይህ ሥርዓት በመጽሐፉ ውስጥ በሥዕልም አለ። ሁለቱ ከንቲባዎች ከፍ ባለው ቦታ ላይ ናቸው። ሰይፍ ያዡ ቆሟል። ሹማምንቱ በጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ ሕዝቡ ከፊት ቆሞ ያያል። መሐል ላይ ጽሑፉን ይዞ የሚያነብ አንድ ሰው አለ። እሱ ጸሐፊው ነው። ሪካርት ራሱን በሥራው ቦታ አስቀምጧል። የያዘውም የሚነበብ ጽሑፍ ነው። ሥዕሉ የማዕረግ ሳይሆን የሥራ ሥዕል ነው፤ እኔ የምወደውም ለዚህ ነው።

ዳቦ፣ ቢራና እንጨት

መሐላው ካለቀ በኋላ ዓመቱ ይጀምራል። ከንቲባው ጋጋሪዎቹን ይጠራል፤ የዳቦ ሚዛን ያወጣል። ጠማቂዎቹንም ይጠራል። የየሙያ ማኅበሩ አለቆች ቀርበው ይምላሉ። ሪካርት እንደሚለው ከንቲባው ረቡዕና ቅዳሜ በማለዳ ወደ ጠማቂዎቹ ቤት ይሄዳል። ለድሃው ሕዝብ ቢራ ሲሸጡ መስፈሪያቸው እውነተኛ መሆኑን ያያል። አብሮት የቢራ ቀማሽ አለ፤ ቀምሶ ጥሩ መሆን አለመሆኑን ይናገራል። ውኃው እንደ ልብ በማይታመንበት ዘመን ቢራ የዕለት መጠጥ ነው። መስፈሪያው ከጎደለ የሚጎዳው በትንሽ ሳንቲም የሚገዛው ሰው ነው።

የማገዶ እንጨትም አለ። በክረምት ከንቲባው በማለዳ ወደ ወንዙ ዳር ይወርዳል። በጀልባ የመጣውን እንጨት ያያል፤ ዋጋው ከልክ እንዳያልፍ ይከታተላል። ትልልቁ እንጨት የት እንደሚራገፍ፣ ለድሃው የሚሆነው ትንንሹ የት እንደሚሸጥ ተለይቶ ተጽፏል።

አንዳንድ ሰው የመካከለኛው ዘመን አስተዳደር ሲባል ሰልፍና ቀይ ካባ ብቻ ይታየዋል። ሪካርትን ሲያነብ ሌላ ነገር ያገኛል። ከንቲባ ማለት በብርድ ተነስቶ እንጨት የሚቆጥርና መስፈሪያ የሚፈትሽ ሰው ነው። ይህ ሁሉ ባይጻፍ ኖሮ አንድ ሰነፍ ከንቲባ አንድ ዓመት ይተወዋል፤ ቀጣዩም የለመደው ስለሌለ አያውቀውም። በሁለት ዓመት ውስጥ ልማዱ ይጠፋል። የሪካርት ገጾች ግን ከንቲባው ምን ማድረግ እንዳለበት ማንም ሊያይ በሚችልበት መልክ አስቀመጡት።

የጸሐፊው ዳይስ

ኖቬምበርና ዲሴምበር የበዓል ወራት ናቸው። በቅድስት ካትሪን ዋዜማ ከንቲባውና ሹማምንቱ የሸማኔዎች ጸሎት ቤት ሄደው የሠርክ ጸሎት ይሰማሉ። ከዚያ በቅመም የተጋገረ ኬክና ልዩ ልዩ ወይን ይቀርብላቸዋል፤ ዋንጫው ይዞራል። በኋላ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። የካትሪን ተጫዋቾች በየደጁ ሲመጡ ያጠጧቸዋል፤ ስለ ጨዋታቸውም ይሸልሟቸዋል።

በቅዱስ ኒኮላስ ቀን፣ ዲሴምበር 6፣ አንድ ልጅ የጳጳስ ልብስ ለብሶ እንደ ጳጳስ ይሰብካል፤ ይባርካል። ይህ በብዙ የአውሮፓ አገር የነበረ ልማድ ነው። ከንቲባው ጠዋት ቅዱስ ኒኮላስ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ የሕፃኑን ጳጳስ ስብከት ይሰማል። ከምሳ በኋላ ሹማምንቱ ቶልዚ ተሰብስበው ጳጳሱ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። እስከዚያው ዳይስ ይጫወታሉ። ዳይሱን ማቅረብ የከተማው ጸሐፊ ግዴታ ነው። በእያንዳንዱ ጨዋታም አንድ ፔኒ ያገኛል። ሕፃኑ ጳጳስ ሲደርስ ዘማሪዎቹ ይዘምራሉ፤ እሱ ይባርካል፤ ዳቦና ወይን ይቀርብላቸዋል።

ይህን ያህል ዝርዝር የጻፈው ራሱ ፔኒዋን የሚቀበለው ሰው ነው። ጥቅሙን አልደበቀም። የከተማው ሹማምንት ቁማር ሲጫወቱ ጸሐፊው ስንት እንደሚደርሰው ሁሉም እንዲያውቅ አድርጎ ጻፈ። ግልጽነቱ ይገርመኛል፤ ያስደስተኛልም። የተጻፈ ጥቅም ሊቆጠር ይችላል፤ ሊቀነስም ይችላል። ችግር የሚሆነው ያልተጻፈው ነው።

ለገና ደግሞ ማስጠንቀቂያ ይታወጃል። ፊቱን በጭምብል ሸፍኖ የሚዞር እንዳይኖር፤ የቅዱስ ኒኮላስ የሰዓት እላፊ ደወል ከተደወለ በኋላም ያለ መብራት ማንም እንዳይሄድ።

ከሪካርት በኋላ

ሪካርት በጸሐፊነት ብዙ ዓመት ቆየ። ከእሱ በኋላ የመጡት መጽሐፉን አልጣሉትም። የከንቲባዎቹን ዝርዝር እየቀጠሉ፣ ያዩትንም እየጨመሩ ሄዱ። በአንድ ሰው እጅ የተጀመረው ሥራ በብዙ እጅ ቀጠለ። የተሳካ ሥራ ለመሆኑ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ለራሱ ብቻ የሚገባ ማስታወሻ ቢሆን ኖሮ ከእሱ ጋር ይቀር ነበር።

የጻፋቸው ልማዶች ብዙዎቹ ቆይተው ጠፍተዋል። ሕፃን ጳጳስ የመሾሙን ነገር ሄንሪ ስምንተኛ በ1541 በአዋጅ ከለከለው። የካሌንደሮች ማኅበርም በፕሮቴስታንት ተሐድሶ ዘመን ፈረሰ፤ ቤተ መጻሕፍቱም አብሮት ቀረ። ትልቁ የድንጋይ መስቀል በ1733 ከመንገዱ መሐል ተነሳ፤ ዛሬ ያለው በዊልትሺር አውራጃ ስቱርሄድ በሚባለው የአትክልት ቦታ ነው። የሪካርት መጽሐፍ ግን ተረፈ። በ1872 ሉሲ ቱልሚን ስሚዝ የምትባል ሴት ከብራናው አዘጋጅታ የጥንት ሰነዶችን በሚያሳትመው በካምደን ማኅበር በኩል አሳተመችው። ስለ ሕፃኑ ጳጳስ፣ ስለ ቢራ ቀማሹ ወይም ስለ ተሰናባቹ ከንቲባ ይቅርታ የሚጽፍ ሰው ዛሬም የሚያገላብጠው ያንን እትም ነው። ብራናው በብሪስቶል መዛግብት ቤት ይገኛል።